የአየር ፊልትሮን በኮምፕሬሰር መንፋት ሞተር ያስወርዳል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ባለፈው እትማችሁ የመኪና አምድ ላይ ለአስጎብኚ ላንድክሩዘሮች፣ እንዲሁም አልጋና ማብሰያ ለተገጠመላቸው የናፍጣ ቤት መኪኖች ባለቤቶች የተሰጠውን ምክር አንብበነዋል። «የአየር ፊልትሮ በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ይነፋ፤ በየ20 ሺሁ ይቀየር» ይላል። ሁለተኛው ግማሽ ቢሳሳት ጉዳቱ ከኪስ አያልፍም። የመጀመሪያው ግማሽ ግን ሞተር ያስወርዳል፤ ይህን ደብዳቤ የጻፍነውም በእሱ ምክንያት ነው።

ጋራዥ ውስጥ ፊልትሮ ማስነፋት ከዘይት ቅያሪ ጋር የሚመጣ ምርቃት ሆኗል። ፊልትሮው ይወጣል፤ ጎማ ላይ መታ መታ ይደረጋል፤ ከዚያ ጎማ የሚነፋበት ኮምፕሬሰር ይለቀቅበታል። አቧራው ቡን ሲል ባለመኪናው ደስ ይለዋል፣ ሥራ የተሠራለት ይመስለዋል። ለጋራዡ ልጅ የሻይ ሰጥቶ ይሄዳል። ፊልትሮው ግን ከዚያች ደቂቃ በኋላ ከመነፋቱ በፊት ከነበረው የባሰ ፊልትሮ ነው። ይህ ለብዙ ሰው ስለማይዋጥ ዘርዘር አድርገን ብናስረዳው ይሻላል።

ከቁጥሩ እንነሣ። በአስጎብኚ መኪኖች ዘንድ የተለመደው የላንድክሩዘር 1ኤችዜድ ሞተር 6 ሲሊንደር ያለው ባለ4.2 ሊትር ነው፤ ቱርቦ (አየሩን ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መንፊያ) የለውም። በየሁለት ዙሩ 4.2 ሊትር አየር ይስባል። በደቂቃ 2,500 ዙር ሲሠራ፣ ሲሊንደሮቹ ጢም ብለው እንደማይሞሉ አስበን እንኳ፣ በደቂቃ ወደ 4,500 ሊትር አየር ይጠጣል። በባለ200 ሊትር በርሜል ብንሰፍረው ከ20 በርሜል በላይ፣ በሰዓት 270 ሜትር ኩብ ገደማ ማለት ነው። የናፍጣ ሞተር ደግሞ እንደ ቤንዚኑ አየሩን የሚገድብ በር የለውም፤ ጉልበቱ የሚወሰነው በሚረጨው ናፍጣ ስለሆነ ጋዝ ቢረገጥም ባይረገጥም ዙሩ የሚፈልገውን አየር ሁሉ ይስባል።

አሁን አቧራውን እንጨምርበት። ከፊት ያለው አይሱዙ ያነሣው አቧራ መንገዱን እስኪጋርድ ሲወፍር፣ ፊልትሮ ሠሪዎች በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 0.9 ግራም ገደማ አቧራ አለ ብለው ያሰላሉ። በዚህ ደመና ውስጥ አንድ ሰዓት ሙሉ የሚነዳ ሰው የለም፤ ለስሌቱ ያህል ግን ቢኖር፣ ወደ ፊልትሮው ቤት የሚገባው አቧራ 240 ግራም ይሆናል፤ ሩብ ኪሎ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ከዚህ ውስጥ 99 በመቶውን የሚይዝ ፊልትሮ 2.4 ግራም ወደ ሲሊንደር ያሳልፋል። 99.9 በመቶውን የሚይዝ ደግሞ 0.24 ግራም ብቻ። የአንድ በመቶ ክፍልፋይ ቀላል ይመስላል፤ ሞተር ውስጥ የሚደርሰው አቧራ ግን አሥር እጥፍ ይለያያል።

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። 99 አካባቢ የሚይዘው አዲሱ ፊልትሮ ነው፤ 99.9 የሚይዘው ትንሽ የሠራው። ጠላ የሚያጠልል ሰው ይህን ያውቀዋል፤ መጀመሪያ በጨርቁ የሚወርደው ድፍርስ ነው፤ አተላው ጨርቁን ሲይዘው ግን ኩልል ብሎ ይወርዳል። የአየር ፊልትሮ ወረቀትም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ የሚያርፈው አቧራ በወረቀቱ ቀዳዳዎች አፍ ላይ ስስ ቆዳ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ደቃቅ አቧራ የሚይዘው ወረቀቱ ብቻውን ሳይሆን ይህ የአቧራ ቆዳ ነው። ስለዚህ ቡናማ ሆኖ የሚታየው ፊልትሮ ቆሻሻ ሳይሆን ሥራው ላይ ያለ ፊልትሮ ሊሆን ይችላል። በየ5 ሺሁ ስታስነፉት ቆዳውን ገፈፋችሁት ማለት ነው፤ እንደገና እስኪሠራ ድረስ ድፍርሱን ሞተሩ ይጠጣዋል።

ቆዳው ብቻ ቢገፈፍ ደግሞ እሰየው ነበር። የጎማ ቤት ኮምፕሬሰር ከ7 እስከ 10 ባር ግፊት ይሰጣል። ያ አየር ከቅርብ ሲለቀቅ የወረቀቱን ክሮች ይለያያል፣ እጥፋቶቹን ጫፋቸው ላይ ያሳሳል፤ ወረቀቱን ከላይና ከታች ካለው ክዳን ጋር ያያዘውን ሙጫም ያስለቅቃል። ኮምፕሬሰሩ ውስጥ የተጠራቀመው ውሃና ዘይት የማይፈስለት ከሆነ (በብዙ ቦታ የታችኛው ቧንቧ ለወራት አይከፈትም) ወረቀቱ ላይ ርጥበትና የዘይት ጤዛ ይረጫል። ጎማ ላይ መምታቱም የራሱ መዘዝ አለው፤ ክዳኑ ትንሽ ሲጎብጥ ጎማ ጓርኒሲዮኑ (አየር እንዳያሾልክ የሚዘጋው) ወንበሩ ላይ በእኩል አይቀመጥም። በዚያ በኩል የሚገባው አየር አይጣራም፤ ፊልትሮው ምንም ያህል ምርጥ ቢሆን።

«አምፖል ውስጡ ከትተን አይተነዋል፤ ቀዳዳ የለውም» የሚሉ አሉ። የአምፖሉ ፍተሻ ጥሩ ነው፣ ግን የሚሠራው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ብርሃን በነጥብ ወይም በመስመር ካሳየ ፊልትሮው ይጣላል፤ ጥያቄ የለውም። ብርሃን ባያሳይ ግን ደህና ነው ማለት አይደለም። ሞተርን አብዝቶ የሚበላው ከ5 እስከ 20 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ) ያለው አቧራ ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ አቧራ የሚበቃ ቀዳዳ በዓይን አይገኝም። ይህ መጠን ለምን እንደሚከፋ ግልጽ ነው። በፋሻ (በፒስተኑ ቀለበት) እና በሲሊንደር ግድግዳ መካከል፣ እንዲሁም በብሮንዚኖቹ (የሞተሩ ዘንግ በሚዞርባቸው ማረፊያዎች) ውስጥ ያለው የዘይት ልባስ ውፍረቱ በዚሁ አካባቢ ነው። ከዚያ ያነሰው አቧራ ከዘይቱ ጋር ይንሳፈፋል፤ ይህኛው ግን ሁለቱንም ብረት ነክቶ ይፍቃል። በአቧራችን ውስጥ ያለው ኳርትዝ ደግሞ ከሞተሩ ብረት የጠነከረ ነው።

ይፈቀዳል የሚል አምራች የለም ወይ? አለ። ካተርፒላር አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባ ሁለት ፊልትሮ ላላቸው ማሽኖቹ የውጩን ፊልትሮ እስከ 6 ጊዜ ማጽዳት ይቻላል ይላል። ግን ግፊቱ ከ205 ኪሎ ፓስካል (30 ፒኤስአይ፣ ማለት 2 ባር ገደማ) እንዳይበልጥ፣ አየሩ ደረቅና የተጣራ እንዲሆን፣ ፊልትሮው በየጊዜው እንዲመረመር፣ ዓመት ከሞላው ደግሞ ምንም ጽዱ ቢመስል እንዲጣል ያዛል። የውስጠኛው ፊልትሮ በፍጹም አይነፋም። የአንዳንድ ቀላል መኪኖች መመሪያም ከውስጥ ወደ ውጭ መንፋትን ይፈቅዳል። በረሃ መሀል አዲስ ፊልትሮ አጥቶ የተቸገረ ሰው በዚህ መንገድ፣ ቱቦውን አንድ ስንዝር አርቆ፣ እጥፋቱን ተከትሎ ላይና ታች እያለ፣ አንድ ጊዜ ቢነፋ አንፈርድበትም። ከተማ ሲደርስ ግን ይቀይረው። የሳሙና ውሃ፣ ቤንዚንና ናፍጣ ወረቀቱን መንካት የለባቸውም። ወረቀት ላይ ዘይት መቀባት ደግሞ ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ ዘይት የሚቀባው እንደ ሽቦና ስፖንጅ ላለ፣ ለዘይት ለተሠራ ፊልትሮ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ተሰልፎ የሚውል መኪና ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ፊልትሮው የሚጠቁረው በአቧራ ሳይሆን ከፊቱ ያለው መኪና በሚለቀው ጭስ ጥቀርሻ ነው። ጥቀርሻ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ቆዳ ሠርቶ ላይ አይቀመጥም፤ ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ ይደፍነዋል። ሚዛን ላይ ቢያወጡት የረባ ክብደት የለውም፤ ሞተሩን ግን ያፍነዋል። ቢነፉትም አይወጣም። ስለዚህ ቡናማ ፊልትሮ ሲታይ ከባድ ሆኖ ገና ሊተነፍስ ይችላል፤ ጥቁሩ ቀላል ሆኖ ያበቃለት ሊሆን ይችላል። በቀለም የሚፈርድ መካኒክ በሁለቱም ላይ ይሳሳታል።

እንግዲህ በኪሎ ሜትርም በቀለምም ካልሆነ በምን ይቀየር? በእፍነት መጠን። ፊልትሮው ሲደፈን ከእሱ በኋላ ያለው ቱቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሳቢ ኃይል ይጨምራል፤ ይህ ይለካል። ለቱርቦ ናፍጣ ሞተሮች በስፋት የሚሠራበት ወሰን 25 ኢንች ውሃ (ሳቢ ኃይሉ ውሃን በቱቦ የሚያነሣበት ከፍታ)፣ ማለትም 64 ሳንቲ ሜትር ውሃ ወይም 6.2 ኪሎ ፓስካል ነው። ቱርቦ ለሌላቸው 20 ኢንች፣ 51 ሳንቲ ሜትር። የሞተሩ መጽሐፍ ሌላ ቁጥር ከሰጠ የመጽሐፉ ይበልጣል። ወሰኑ ላይ ያልደረሰ ፊልትሮ አይነካም፤ የደረሰ ደግሞ አይነፋም፣ ይቀየራል።

ብዙ የጭነት መኪኖች ፊልትሮ ቤት ላይ፣ ወይም ከእሱ በሚወጣው ቱቦ ላይ፣ አውራ ጣት የምታክል መስኮት ያላት ጠቋሚ ትገኛለች። ቀዩ ሲወጣ ወሰኑ ደርሷል ማለት ነው፤ ሞተሩ ቢጠፋም ቀዩ እዚያው ተይዞ ይቆያል። አዲስ ፊልትሮ ሲገባ ጫፏን ተጭኖ መመለስ ነው። በአንዳንድ ላንድክሩዘሮች ይህ በዳሽቦርድ መብራት ይተካል። ችግሩ ጠቋሚዋ አቧራና ፀሐይ ጠግባ ከዓመታት በኋላ መሞቷ ነው። መሞቷን ለማወቅ ፈትቶ አጭር ቱቦ ሰክቶ በአፍ መሳብ ይበቃል፤ ጠንከር አድርጎ ለሚስብ ሰው ሳንባ 64 ሳንቲ ሜትር ውሃ ከባድ አይደለም። ቀዩ ካልተነቃነቀ ትጣል። ኮረኮንች ላይ 30 እና 40 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዶ ጠቋሚዋ ንቅንቅ ያላለችለት ሰው ደስ አይበለው፤ ወይ ጠቋሚዋ ሞታለች፣ ወይ ፊልትሮው ተቀዷል፣ ወይ አየር በሌላ በኩል እየገባ ነው።

ጠቋሚ የሌለው ወይም የማያምናት ሰው መለኪያውን በራሱ መሥራት ይችላል። ግንበኞች ለውሃ ልክ የሚይዙት ግልጽ የላስቲክ ቱቦ ይበቃል፤ የውስጥ ስፋቱ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ርዝመቱ 6 ሜትር። 1 ሜትር ከ20 በሚሆን ጣውላ ላይ ቱቦውን ታች ዞሮ ተመልሶ እንዲወጣ አድርጎ ማሰር፤ በሁለቱም ክንድ 50 ሳንቲ ሜትር ድረስ ቀለም የገባበት ውሃ መሙላት፤ ጎን ለጎን ሜትር መለጠፍ። አንደኛው ጫፍ ክፍቱን ይቀራል። ረጅሙ ጫፍ በመስኮት ወጥቶ ጠቋሚዋ በተፈታችበት ቀዳዳ ላይ ይሰካል። ሞተሩ ሲስብ በአንዱ ክንድ ውሃው ይወጣል፣ በሌላው ይወርዳል፤ የሚነበበው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። አንዱ 20 ወጥቶ ሌላው 20 ከወረደ ንባቡ 40 ነው። ብዙ ሰው አንዱን ክንድ ብቻ አንብቦ ግማሹን ይጽፋል። ጣውላውን ያሳጠረ ደግሞ ውሃውን ለሞተሩ ያጠጣዋል፤ ለጥንቃቄ መሀል ላይ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ማስገባት ይበጃል።

ንባቡ መቼ ይወሰድ የሚለው ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ጭነት ቢኖርም ባይኖርም በዙሩ ልክ ስለሆነ፣ ቆሞ ጋዙን እስከ ጥግ ረግጦ ማንበብ ይቻላል። የቱርቦው ግን እንደዚያ አይደለም። ጭነት ከሌለ ቱርቦው አይነፋም፣ አየሩም ትንሽ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ 15 ያነበበ ሞተር አቀበት ላይ 60 ሊያነብ ይችላል። ስለዚህ ጭኖ፣ አቀበት ላይ፣ ጋዝ ሙሉ ተረግጦ፣ ዙሩ ከፍ ባለበት ይነበባል። እንጦጦ ወይም ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን የሚወጣው መንገድ ለዚህ የተሠራ ነው። የሚያነበው ረዳቱ ይሁን፤ ሹፌሩ ዓይኑን ከመንገድ አያንሣ። ደግሞም ፊልትሮው አዲስ በገባበት ቀን ያለውን ንባብ ክዳኑ ላይ በማርከር ጽፎ ማኖር ነው። አዲሱ 20 ያነበበ ፊልትሮ ከወራት በኋላ 12 ቢያነብ ሞተሩ አልተሻለውም፤ የሆነ ቦታ ቀዳዳ ተከፍቷል። ልኬቱ ሲያልቅ ጠቋሚዋን መመለስ ወይም ቀዳዳውን በቡሎን መድፈን ግድ ነው። ይህች ቀዳዳ ከፊልትሮው በኋላ ስላለች ክፍት ብትቀር ያልተጣራ አየር በቀጥታ ወደ ሞተሩ የምታስገባ በር ትሆናለች።

ከፍታም ቢሆን የራሱ ሒሳብ አለው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ከጅቡቲው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ሲደርስ ይህን ሩብ አስቀድሞ አጥቷል። በ64 ሳንቲ ሜትሩ ወሰን ላይ የደረሰ ፊልትሮ ጅቡቲ ላይ ካለው የአየር ግፊት 6 በመቶውን ይወስዳል፤ አዲስ አበባ ላይ ከቀረው 8 በመቶውን። ባለሜካኒካል ፖምፓ መኪና ይህን በጥቁር ጭስ ይናገራል፤ ኮመን ሬይሉ (ናፍጣው በኮምፒውተር የሚታዘዝለት) ግን አየሩን መዝኖ ናፍጣውን ስለሚቀንስ ጭስ ላያሳይ ይችላል፣ ዝም ብሎ ይደክማል። ጭስን ጠብቆ ፊልትሮ የሚቀይር ሰው በሁለቱም መኪና ላይ ይዘገያል። እግረ መንገዳችንን፦ ፊልትሮ በመቀየር ብቻ የናፍጣ ፍጆታ በሩብ ቀነሰ የሚባለው የሻጭ ወሬ ነው።

እፍነቱ ከወሰኑ አልፎ ሲሄድ ከቱርቦው ፊት ያለው ሳቢ ኃይል ዘይትን በቱርቦው ማኅተም በኩል እየጎተተ ያወጣል። ባለመኪናው «ቱርቦው ዘይት ተፋ» ብሎ ቱርቦ ይገዛል፤ ፊልትሮው ግን ያው ነው፣ አዲሱም ቱርቦ ይተፋል። ቱርቦ ለማስፈታት ከመወሰን በፊት የፊልትሮውን ንባብ ማየት አምስት ደቂቃ አይወስድም። የተቀደደ ፊልትሮ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ሞተሩ ይቀለዋል፣ ሹፌሩ ይደሰታል፣ ከዚያ ዘይት መብላት ይጀምራል፤ ዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ትንፋሹ ይገፋል፤ በማለዳ ብርድ አልነሣም ይላል። በዚያን ጊዜ ፋሻውና የሲሊንደሩ አናት ተበልተዋል፤ ፊልትሮ መቀየር አያድነውም። የቱርቦው የአየር መግቢያ ቱቦ ተፈትቶ ውስጡ የሚሽከረከሩት ምላጮች ጫፍ ተበልቶ ከታየም ምንጩ ይኸው አቧራ ነው።

የቤት መኪኖችን ነገር አምዱ ከአስጎብኚ መኪኖች ጋር አንድ አድርጎ ማለፉ ትክክል አይመስለንም። አስጎብኚው ከአፍዴራ ወደ ኤርታ አሌ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ ኦሞ እየተመላለሰ በአንድ በጋ ፊልትሮ ሊጨርስ ይችላል። ቤት መኪና ግን ዓመቱን ግማሽ ቆሞ ነው የሚያሳልፈው። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን የሚነዷቸው ትልልቆቹ ሞተራቸው ከኋላ ነው፤ የራሳቸው ጎማ ያነሣው አቧራና የዝናብ ጭጋግ የሚሽከረከረው ደግሞ ከኋላ ነው፤ አየር መሳቢያውም በዚያው አካባቢ ነው። አስፋልት ላይ ብቻ ቢሄዱ እንኳ ጠቋሚው ቀይ ሳያሳይ ወረቀቱ በርጥበት ያረጃል፣ ጎማው ይደርቃል፣ አይጥ ጎጆ ይሠራበታል። ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና ሁለት ወሰን አለው፦ ጠቋሚው ወይም 3 ዓመት፣ የቀደመው። ርጥበት ባለበት ቦታ የሚቆም ከሆነ 2 ዓመት። እዚህም ያለ፣ አልጋ የገባለት ኮስተር ወይም ላንድክሩዘር፣ እንዲሁም ቆሞ የሚውል የናፍጣ ጄኔሬተር በዚሁ ሕግ ይሂድ።

ለወራት የሚቆም ከሆነ አየር መሳቢያውን በፕላስቲክ ማሰር አይጥንም ርጥበትንም ይከላከላል። ቁልፉን እዚያው ፕላስቲክ ላይ ማሰር ግን አይዘንጋ። ፕላስቲኩ ተረስቶ ሞተሩ ሲነሣ ፊልትሮው ይጨራመታል፤ ቁራጩም ወደ ቱርቦ ይገባል። ወንዝ ሲሻገር ውሃ የገባበት ፊልትሮም እንዲሁ ይጣላል፤ የራሰ ወረቀት ቢደርቅም የቀድሞ ጥንካሬው አይመለስም። ጎን ላይ ወደ ጣሪያ የሚወጣው ስኖርክል አለኝ ብሎ የሚተማመን ሰው መገጣጠሚያውን ይይ፤ ብዙ ጊዜ ከኮፋኖው ሥር ያለው መጋጠሚያ በሙጫ አልተደፈነም፣ ውሃው በዚያ ይገባል።

ቅያሪው ራሱ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ግን በችኮላ ሲሠራ በወራት ከሚገባው አቧራ በላይ በአንድ ቀን ይገባል። ሞተሩ ይጥፋ። ክዳኑ ሳይከፈት የፊልትሮው ቤት ከውጭ በርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። ፊልትሮው በቀስታ፣ ወደ ጎን ሳይመታ ይውጣ። ከዚያ፣ አዲሱን ከመክተት በፊት፣ የወጣው ፊልትሮ የጎማ ጓርኒሲዮን የተቀመጠበትን ወንበር ተመልከቱ። እኩል የሆነ ንጹሕ ቀለበት ካለ ደህና ነው። ከውጭ ወደ ውስጥ የሚሄድ የአቧራ መስመር ካለ፣ ክር ቢያክል እንኳ፣ በዚያ በኩል ሲያሳልፍ ነበር። ከፊልትሮው በኋላ ባለው ቱቦ ውስጥ ነጭ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አዙሩ፤ ዘይት ቢነካው ግድ የለም፤ የሚቆረቁር አቧራ ከያዘ ግን ፍሳሹ ተገኝቶ ሳይደፈን አዲስ ፊልትሮ መግጠም ዋጋ የለውም። ማኒኮቱን (አየሩ የሚያልፍበትን የጎማ ቱቦ) ጨምቃችሁ በእጥፋቱ መካከል ስንጥቅ ፈልጉ፤ ሲለጠጥ የማይታየው ሲጨመቅ ይታያል። ፋሸታዎቹን (የቱቦ ማሰሪያዎቹን) አጥብቁ።

የቤቱ ውስጥ በርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፤ በአየር አይነፋ፣ የተነፋው የሚሄደው ወደ ሞተሩ ነውና። ውስጠኛ ፊልትሮ ያላቸው እንደ ሲኖትራክ ያሉት ላይ፣ ጠረጋው ሲካሄድ ውስጠኛው በቦታው ይቆይ፤ ከጠረጋው በኋላ ነው የሚወጣው። እሱ የሚቀየረው ውጩ ሦስት ጊዜ ሲቀየር አንዴ ነው፤ ከዚያ በፊት አቧራ ይዞ ከተገኘ የውጩ አሳልፏል ማለት ነው። አዲሱን ከአሮጌው አጠገብ አቁማችሁ ቁመቱን፣ የአፉን ስፋትና የጎማውን ውፍረት አስተያዩ። ጎማው በአውራ ጣት ሲጫን ወዲያው ካልተመለሰ፣ እጥፋቶቹ እየተቀራረቡና እየተራራቁ ከሆነ፣ መልሱት። መለዋወጫ ለመግዛት ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ስትሄዱ የመኪናውን ስም ሳይሆን የፊልትሮውን ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ፤ «የአይሱዙ ኤንፒአር ስጠኝ» ላለ ሰው ሦስት ዓይነት ይወጣለታል፣ ሁለቱ ቤቱ ውስጥ ይገባሉ፣ የሚዘጋው ግን አንዱ ነው።

የመጨረሻዋ ነገር ትንሿ ጎማ ናት። ክብ ፊልትሮ ቤት ባላቸው መኪኖች ከቤቱ ሥር የዳክዬ አፍ የሚመስል ጎማ ተንጠልጥሎ ይታያል። ብዙ ሹፌሮች ጌጥ ይመስላቸዋል፤ ሲቀደድ አውልቀው ይጥሉታል፣ ወይም በጨርቅ ይወትፉታል። የአየሩ ሽክርክሪት ከባዱን አቧራ ወደ ግድግዳ ወርውሮ በዚህች ጎማ በኩል ነው የሚያወጣው፤ ደህና ከሆነ ወረቀቱ ጋ ሳይደርስ እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ያስቀራል። ተወልቃ ከቀረች ከታች የሚገባው አየር ሽክርክሪቱን ያፈርሰዋል፤ ከተወተፈች አቧራው ቤቱ ሥር ይከማቻል። በሁለቱም ፊልትሮው ቶሎ ይሞላል፤ ባለመኪናውም «ይህ ፊልትሮ አይበረክትም» እያለ የፊልትሮ ዓይነት ይቀያይራል። ጎማዋ ወደ መሬት ትመልከት፤ ከንፈሯ ለስላሳና የተገጠመ ይሁን፤ አቧራማ መንገድ ላይ በየቀኑ በጣት ጨመቅ ይደረግላት።

አምዱ በሚቀጥለው እትም «ይነፋ» የሚለውን ቃል ቢሰርዝልን፣ በ«20 ሺህ ኪሎ ሜትር» ፋንታም «64 ሳንቲ ሜትር ውሃ፤ ቱርቦ ለሌለው 51» ብሎ ቢያትም እናመሰግናለን።

ከአክብሮት ጋር
የናፍጣ ሞተር መካኒኮች፣ አዲስ አበባ